አሥራ አራተኛው እጥፍ

ሥራዬ መሰብሰብ ነው። እንዲህ ስል ሰው ሁሉ ስብሰባ የምመራ ይመስለዋል፤ እኔ የምሰበስበው ወረቀት ነው። በማተሚያ ቤታችን የጥረዛ ክፍል ውስጥ ትልልቁ ወረቀት በሁለቱም ፊት ታትሞ ይመጣልናል። ሦስት ጊዜ ሲታጠፍ አሥራ ስድስት ገጽ ይወጣዋል፤ ይህንን እኛ «እጥፍ» እንለዋለን። አጣፊዎቹ ያጥፋሉ፤ እኔ በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ እየዞርኩ ከየክምሩ አንዳንድ አንስቼ በተራቸው እደረድራለሁ፤ ከዚያ ወደ ስፌት ያልፋል። አንድ እጥፍ ከጎደለ ወይም ቦታው ከተዛባ መጽሐፉ መጽሐፍ አይደለም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስሠራ አንድም እጥፍ ጎድሎብኝ አያውቅም። ጉራ ነው የሚሉ አሉ፤ ጉራም ቢሆን እውነት ነው።

በዚሁ ጠባዬ የተነሳ ስሜ ተረስቶ «ቁጥሬ» ሆኜ ቀርቻለሁ። አንድ ሰው «ሺህ ጊዜ ነግሬሃለሁ» ሲል ከሰማሁ ስንት ጊዜ እንደነገረው ለመጠየቅ ምላሴን ይበላኛል። ውሸት አልወድም፤ ከውሸትም ሁሉ ሰውን ለማጽናናት የሚዋሸውን። ልጅ ሳለሁ እናቴ «አባትሽ ትምህርት ቤት ሲከፈት ይመጣል» ትለኝ ነበር። ትምህርት ቤት አራት ጊዜ ተከፈተ። ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ የግቢያችን በር ሥር ተቀምጬ እጠብቀዋለሁ። አባቴ በሄደ በሁለተኛው ወር መሞቱን በአምስተኛው ዓመት ከጎረቤት ልጅ አፍ ሰማሁ። እናቴን ይቅር ብያታለሁ፤ «ይመጣል» የሚለውን ቃል ግን እስካሁን አልማርኩትም።

የማጠፊያ ማሽናችን ከተበላሸ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። መለዋወጫው ታዟል፣ መንገድ ላይ ነው ይሉናል። እስኪመጣ ድረስ አራት ሴቶች በእጃቸው ያጥፋሉ። እጅ ሲሠራ ዓይን ደግሞ ሥራ አይፈታም፤ ያነባል። ከዚህ የተነሳ ከእኔ በፊት የተጀመረ አንድ ልማድ አለን። ልብ ወለድ ሲታተም ከማተሚያው በቀን አንድ እጥፍ ይወርዳል፤ በማግስቱ በምሳ ሰዓት ከአጣፊዎቹ ተራው የደረሳት ያንን አሥራ ስድስት ገጽ ለሁላችንም ትተርካለች። ቀድሞ ማንበብ ክልክል ነው። የመጨረሻውን እጥፍ የመተረክ መብት ደግሞ የሰፊዋ ነው፤ መጽሐፉን የምትዘጋው እሷ ናትና።

ሰፊያችን እትዬ መርፌ ናቸው። ስድሳን ተሻግረዋል፤ ቁመታቸው ከጠረጴዛው ብዙም አይበልጥም፤ መነጽራቸው በክር ታስሮ ደረታቸው ላይ ይንጠለጠላል። እጥፎቹን በአምስት ቀዳዳ እየወጉ ሲሰፉ እጃቸውን ማየት ብቻ ያጠግባል። ሲናገሩ ደግሞ ሌላ ሰው ናቸው። አንድ ጊዜ የውኃ ቆጣሪ አነባበብ መመሪያ ስንጠርዝ ከመሰላቸታችን የተነሳ ልናብድ ደርሰን ነበር፤ እሳቸው ያንን መመሪያ ይዘው ስለ አንድ ቆጣሪ አንባቢ ፍቅር ለዘጠኝ ቀን አወሩን። የሙጫው ሰውዬ፣ ማለትም የመጽሐፎቹን ጀርባ ሙጫ የሚቀባው ብቸኛ ወንዳችን፣ በዘጠነኛው ቀን ዓይኑን በክንዱ ሲጠርግ አይቼዋለሁ። ሙጫው ነው አለ።

አሁን የማወራው ነገር የሆነው ባለ አሥራ አራት እጥፍ ልብ ወለድ በያዝን ጊዜ ነው። ታሪኩ ስለ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ሰውየው ድንበር ተሻግሮ ሄዶ መንገዱ ይዘጋበታል፤ ሚስቱ ሰባት ዓመት ትጠብቀዋለች። ጥሩ መጽሐፍ ነበር። ከአጣፊዎቹ ሁሉ በጣም የወደደችው ትንሿ ናት፤ ከሠርጓ በሦስተኛው ሳምንት ሥራ ስለጀመረች «ሙሽሪት» የምንላት። ባሏ ግንበኛ ነው። የሰማችውን ማታውኑ እቤት ወስዳ ለእሱ ትተርክለታለች፤ በማግስቱ ደግሞ የእሱን ጥያቄ ይዛ ትመጣለች።

«ትናንት ገና እግሬ ሳይገባ ‹ዛሬስ የት ደረሰ?› አለኝ» ትለናለች። «ነገርኩት። ‹የሰውየው ቤት በሩ ወደ ውስጥ ነው ወደ ውጭ የሚከፈተው?› ብሎ አደረቀኝ።»

«ምን አገባው?» ይላል የሙጫው ሰውዬ።

«ግንበኛ አይደል! ‹በሩን ሳላውቅ ሰውየውን እንዴት አድርጌ ላስገባው› ይላል። የራሳችን በር ቁልፉ እየያዘ አልከፈት ብሎ ጠዋት ጠዋት ሲያስረፍደኝ ‹ነገ እሠራዋለሁ› ነው፤ የመጽሐፍ በር ግን እንቅልፍ ይነሳዋል።»

እንስቃለን። ገጾቹን አገላብጠን እናያለን፤ በሩ ወዴት እንደሚከፈት አልተጻፈም። ደራሲው ግንበኛ አላማከረም ማለት ነው።

ስምንተኛው እጥፍ በተተረከበት ቀን ከባሏ ሥራ ቦታ ሰዎች መጥተው ሙሽሪትን ጠሯት። ባሏ ከሦስተኛ ፎቅ መወጣጫ ላይ ወድቆ ነበር።

በአምስተኛው ቀን ተመለሰች። ጭንቅላቱን እንደተመታ፣ ዓይኑን ገልጦ ጣሪያውን እንደሚያይ፣ ነገር ግን አንድ ቃል እንዳልተነፈሰ፣ እሷንም ይወቃት አይወቃት እንደማይታወቅ ነገረችን። ሐኪሞቹ መጠበቅ ነው ብለዋል። ሆስፒታሉ ጠያቂ የሚያስገባው ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ብቻ ስለሆነ ቀኑን ቁጭ ብዬ ግድግዳ ከማይ ሥራ መግባት ይሻለኛል አለች። ፊቷ አንድ ፍሬ ሆኗል። እኛም ከንፈራችንን መጠጥን፣ ምሳ ዕቃችንን ከፈትን፣ ማንም ስለ መጽሐፉ ለማንሳት አልደፈረም። ያነሳችው ራሷ ናት።

«ሹፌሩ የት ደረሰ?»

ተያየን። ተራው የደረሳት ሴት እየተንተባተበች አሥራ ሁለተኛውን እጥፍ ተረከች። ሙሽሪት ጉንጯን ደግፋ ሰማች፤ ሲያልቅም «እኔ በልቤ ቆርጫለሁ። ይሄ ሰው ቤቱ ከገባ የእኔም ይገባል» አለች። የሙጫው ሰውዬ ጉርሻውን ወደ ምሳ ዕቃው መለሰ።

በማግሥቱ ከሰዓት አሥራ አራተኛው እጥፍ ታጥፎ እኔ ጠረጴዛ ላይ ደረሰ። በሕይወቴ የሥራ ሕግ ጥሼ አላውቅም፤ ያን ቀን ጣስኩ። ጀርባዬን ለክፍሉ ሰጥቼ አነበብኩት። በመጨረሻው ገጽ ላይ በሩ ይንኳኳል፤ ሚስትየው ትከፍታለች፤ የቆመው ግን ሹፌሩ አይደለም። አንድ የማታውቀው ሰው የሹፌሩን ኮት በክንዱ ይዞ ቆሟል። መጽሐፉ እዚያ ላይ ያልቃል። እጥፉን ቦታው መልሼ እግሬ እስኪዝል ጠረጴዛውን ዞርኩ።

በአሥራ አራተኛው ምሳ ላይ እትዬ መርፌ መነጽራቸውን አወለቁ። ለመተረክ መነጽር አያደርጉም። ሙሽሪት ምሳ ዕቃዋን እንኳ አልከፈተችም። እኔ ደግሞ እኚህ ሴትዮ አሁን ምን ሊውጣቸው ነው እያልኩ ዓይናቸውን አያለሁ።

«ቀትር ላይ ነው የደረሰው» ብለው ጀመሩ። «ጫማው አልቆ በእጁ ይዞታል። ሰባት ዓመት ነዋ፣ ሰፈሩ ተለውጧል። የማያውቃቸው ሱቆች፣ የማያውቃቸው ልጆች። ቤቱንም ቀለም ቀብተውት አልለየውም። እያለፈው ነበር! ግን ደጃፉ ላይ ያለችውን ሦስተኛዋን ደረጃ እሱ ራሱ ነው የሠራት፤ አጣሞ ነው የሠራት። ድሮም ሲገባ ታደናቅፈዋለች። ዓይኑ ቤቱን ረሳው፤ እግሩ ግን አልረሳም። ወደዚያች ደረጃ ወሰደውና ተደናቀፈ።»

እዚህ ላይ ከትከሻቸው ላይ የክር ቁራጭ አነሱ።

«ሚስቱ ውስጥ ልብስ እያጠፈች ነው። ዱብ የሚል ድምፅ ሰማች። እጇ ላይ የያዘችው ሸሚዝ የእሱ ነው፤ በየሳምንቱ እያጠበች የምታጥፈው። ‹ያቺ ደረጃ› አለች ለራሷ፣ ‹ያቺ ደረጃ የምታደናቅፈው አንድ ሰው ብቻ ነው።› ተነሳች። ወደ በሩ ሄደች። እጇ መቀርቀሪያው ላይ…»

«ትክፈትለት እንጂ፣ ሙጫው ደረቀ!» አለ የሙጫው ሰውዬ።

«ትከፍታለች፣ ምን አጣደፈህ? ሰባት ዓመት የጠበቀች ሴት በር ላይ አትቸኩልም።»

በሩ ላይ ሲደርሱ ሁሌም እንደዚያ ቀስ ይላሉ። ከዚያ ከፈተች፤ እንዴት እንደተያዩ ነገሩን፤ እኔም ኮቱን የያዘውን ሰውዬ ረስቼ ጉንጬ ረጥቦ አገኘሁት። ሲጨርሱም እንደ ልማዳቸው ከራሳቸው ሁለት ስንኝ ጨመሩ፦

«ዘገየ እንጂ መቼ ቀረ፣
መንገድ እኮ ነው ያሳደረ።»

ሙሽሪት ተነስታ ጉልበታቸውን ሳመች። እኔ ደግሞ እንባዬን ጠርጌ ደሜ ፈላ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደህና። አንድ ሺህ ኮፒ ሰብስቦ፣ ሰፍቶ፣ ሙጫ ቀብቶ ለመጨረስ ሦስት ሳምንት ይፈጃል። በማግሥቱ ምሳ ላይ ሙሽሪት «እትዬ፣ መጨረሻውን ድገሙልኝ» አለች። እትዬ መርፌ ደገሙት፣ ግን ያንኑ አይደለም። ሹፌሩ በዚህኛው በባቡር መጣ። «ትናንት በእግሩ ነበርኮ» ስል «እንዲህም ይላሉ» ብለው አለፉኝ። በሦስተኛው ቀን ቤት ቀለም ቀቢ ሆኖ መጣ፤ ሚስቱ ያወቀችው ብሩሹን በግራ እጁ ሲይዝ ነው። በአራተኛው ቀን ከጀልባ ወረደ። በስድስተኛው ቀን የቆሻሻ መኪና ላይ ተንጠልጥሎ መጣና ሚስቱ ከማቀፏ በፊት አፍንጫዋን ያዘች፤ ያን ቀን ሙሽሪት ከአደጋው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ ሰማን። እኔ እንዲህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም። አንድ ሰው፣ አንዲት ሴት፣ አንድ በር፣ ይኸው ብቻ ነው ዕቃቸው፤ በየቀኑ ከዚያው ውስጥ አዲስ ነገር ያወጣሉ። ማድነቄን ግን ዋጥ አድርጌ ንዴቴን ይዤ ሰነበትኩ። የማየው ሙሽሪትን አልነበረማ፤ በር ሥር የተቀመጠችውን ያቺን ሕፃን ነው።

በሁለተኛው ሳምንት እጅ መታጠቢያው ጋ ለብቻቸው አገኘኋቸው።

«እትዬ፣ እኔ አሥራ አራተኛውን አንብቤዋለሁ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ። ያን ቀን ጠረጴዛውን እንደ ሰከረ ሰው ስትዞሪ ነበር።»

«ታዲያ ይሄ ውሸት አይደለም? ነገ መጽሐፉን ብታነበው ምን ሊሏት ነው? ልጅቷ ቅስሟ ይሰበራል!»

እጃቸውን በቀስታ አደረቁ። በየጣታቸው ጫፍ መርፌ የቆፈረው ጠባሳ አለ። «ስሚኝ፣ አንቺ ልጅ። ‹መጥቷል› ብያት ቢሆን ውሸት ነበር። እኔ የምነግራት ሰው እንዴት እንደሚመጣ ነው። መንገዱ ብዙ ነው። አንዱ መንገድ ተዘጋ ተብሎ ሌላው ሁሉ የለም አይባልም።»

«ባይመጣስ?»

«ባይመጣማ ታለቅሳለች። ማልቀስ ደግሞ ማንም ሳያስተምራት ታውቅበታለች።»

አልተዋጠልኝም። በሚቀጥለው ሰኞ ሙሽሪት ሌላ ወሬ ይዛ መጣች። ሐኪሙ እስከ ዓርብ ለውጥ ካላሳየ ወደ ቤት ውሰጂው ብሏታል፤ እዚህ የሚደረግለት ነገር አልቋል፣ አልጋውም ይፈለጋል። ቤት ውስጥ ደግሞ እሷ ሥራ ስትውል የሚያየው ሰው የለም። ይህን ነግራን ስታበቃ «እትዬ፣ ዛሬ በምን ይመጣል?» አለቻቸው። በቃ፣ ያን ጊዜ ትዕግሥቴ አለቀ። ከምሳ በኋላ አሥራ አራተኛውን እጥፍ ከክምሩ አንስቼ ጥጓ ድረስ ሄድኩ።

«ሙሽሪት፣ እህቴ፣ አንድ ነገር እንድታነቢ እፈልጋለሁ። ከእኔ ብትሰሚው ይሻላል።»

የዘረጋሁላትን አየችው። አልተቀበለችኝም።

«እትዬ ቁጥሬ፣ ይሄን እኮ እኔ ነኝ ያጠፍኩት። ከሺው ሁለት መቶ ሃምሳው የእኔ ድርሻ ነበር። ሁለት መቶ ሃምሳ ጊዜ ኮቱን የያዘው ሰውዬ እጄ ላይ ወጥቷል። ስንቴ አይቼ እንዳላየሁ ልሁን?»

አፌን በእጄ ያዝኩ። ቆጥሬ የማላውቀውን ነገር አገኘሁ። «ታዲያ ለምን በየቀኑ ይድገሙልኝ ትያለሽ?»

«ለእሱ ነዋ! ነርሷ ‹አናግሪው፣ ድምፅ ይስማ› አለችኝ። የራሴ ወሬ በሦስት ቀን አለቀ። እናትህ ሰላም ብላሃለች፣ ውኃ ጠፍቶ ነበር፣ ከዚያስ? እሱ ደግሞ የሚወደው ‹የት ደረሰ› ነው። ሰባት እጥፍ ሰምቶ ስምንተኛውን ሳልነግረው ነው የወደቀው። እስከ አሥራ ሦስት ነገርኩት። አሥራ አራተኛውን… እሱን ለባሌ አላነብም። ገና ያላለቀ ሰው ፊት እንዴት አድርጌ ላንብበው?» እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «እትዬ መርፌ በምሳ ይሰጡኛል፣ በአሥራ አንድ ሰዓት አደርስለታለሁ። ሌላ የምወስድለት ነገር የለኝማ።»

እጥፉን ይዤ ተመለስኩ። ቦታው ላይ ሳስቀምጠው አንድ ነገር ገባኝ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት መጽሐፍ ሳሰናዳ መጽሐፍ ምን እንደሚሠራ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ሐሙስ ከሥራ በኋላ እትዬ መርፌ ራሳቸው ሆስፒታል ሄደው ከአልጋው አጠገብ እንዲተርኩ ተቀጠረ። ሙሽሪት ለምናቸው ነው፤ «ከእኔ አፍ ለምዶታል፣ ከምንጩ ይስማው» ብላ። ሐሙስ ጠዋት እትዬ መርፌ አንገታቸውን ጠቅልለው መጡ። ጉንፋን ይዟቸው ድምፃቸው ድርግም ብሏል። አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ የሚሰማ ነገር የለም። ቀኑን ሙሉ ሙቅ ውኃ አጠጣናቸው፤ የሙጫው ሰውዬ ማር ከየት እንደሆነ አላውቅም አመጣ፤ ወይ ፍንክች። በአሥር ሰዓት እትዬ መርፌ ከቆሻሻ ወረቀት ላይ ቁራጭ ቀደው በእርሳስ አንድ ነገር ጻፉና አቀበሉኝ። «አንቺ ትናገሪያለሽ» ይላል።

«እኔ? እኔ እኮ በሕይወቴ ያልሆነ ነገር ተናግሬ አላውቅም!»

ወረቀቱን ቀሙኝና ከሥሩ ጨመሩበት። «ስለዚህ ያምንሻል።»

ክፍሉ ስድስት አልጋ አለው። የሙሽሪት ባል መስኮቱ ሥር ነው። ትልቅ ሰው ነበር፤ አሁን ብርድ ልብሱ ሥር የተኛ መሆኑ እንኳ ያጠራጥራል። ጭንቅላቱ በፋሻ ታስሯል። ዓይኑ ተገልጧል፤ ጣሪያው ላይ ያለች አንዲት ስንጥቅ ላይ ተተክሏል። ሙሽሪት ከንፈሩን በእርጥብ ጨርቅ አበሰችለትና «እንግዳ አምጥቼልሃለሁ» አለችው። እሷ ራስጌው ጋ፣ እትዬ መርፌ ከእኔ ጎን፣ እኔ መሃል ተቀመጥን። ቆሌዬ ተገፈፈ ማለት ያንሰዋል።

«ሹፌሩ» አልኩ፣ «ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አውቶቡስ ተሳፈረ። የወንበሩ ቁጥር አሥራ ሰባት ነው።»

«ጮክ በይ እንጂ ልጄ!» አሉ ከጎን አልጋ እግራቸው በገመድ የተሰቀለ ሽማግሌ። «አውቶቡሱ ስንት ሰው ጭኗል?»

«አርባ አምስት። ሁለት ደግሞ ቆመዋል።»

«ይሄ ነው ወሬ!» ብለው ትራሳቸውን አስተካከሉ።

ቀጠልኩ። እንደ እትዬ መርፌ ማሳመር አልችልበትም፤ የማውቀው መደርደር ነው፣ ደረደርኩ። አውቶቡሱ የት የት እንደቆመ፣ ስንት ጎማ እንደተነፈሰ፣ ሰውየው መስኮቱን ስንት ጊዜ በእጁ እንደጠረገ። ሙሽሪት አንዴ ፈገግ ስትል አየኋትና ጉልበት አገኘሁ። አውቶቡሱ ደረሰ። ሰውየው ወረደ። ባርኔጣ አደረግኩለት፤ ቡናማ ባርኔጣ። ሲሄድ በአፍንጫው እንዲያንጎራጉር አደረግኩት። በግራ እግሩ ትንሽ ያነክሳል አልኩ። ይህን ሁሉ ከየት እንዳመጣሁት የገባኝ መንገዱ ላይ ካስገባሁት በኋላ ነው። ቡናማ ባርኔጣ የነበረው፣ የሚያንጎራጉረው፣ የሚያነክሰው አባቴ ነው።

ማቆም አልቻልኩም። በሰፈሬ አሳለፍኩት። ወፍጮ ቤቱን፣ የፈረሰውን አጥር አለፈ። ከዚያ በሩ ጋ ደረሰ፤ የማውቀው በር ነው፣ ሥሩ የተቀመጥኩበት፣ አረንጓዴ ቀለሙን በጥፍሬ የላጥኩት። አራት ዓመት ሙሉ ያልተከፈተልኝን በር በየት በኩል ልክፈተው?

«ከዚያ» አልኩ፣ «ከዚያ… ኮቱን አውልቆ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሚስቱም ውኃ ሰጠችው።»

እትዬ መርፌ የሹራቤን ጫፍ ጎተቱኝ። ቶሎ ጨርሺ የሚሉኝ መሰለኝ። «ውኃውን ጠጣ» አልኩ። ደግመው ጎተቱኝ፣ አሁን በኃይል።

«በሩን…»

ዝግ ያለ፣ የሻከረ ድምፅ ነው። ወደ ሽማግሌው ዞርኩ፤ ሙሽሪትም ወደ ሽማግሌው ዞረች። ሽማግሌው አፋቸውን ከፍተው የሚያዩት ግን ወደ መስኮቱ ነው።

«በሩን… ማን ከፈተለት?»

ዓይኑ ከስንጥቁ ወርዷል። እኔን ነው የሚያየው፤ ግንቡን ያጣመመ ሠራተኛ እንደሚያይ አለቃ፣ ቅር ብሎት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድም ያልጎደለብኝ እኔ፣ ዋናውን እጥፍ ዘልዬ ነበር። የዘለልኩትን ሰውየው ቆጥሮ ያዘብኝ። ሲሰማ ነበር። ይህን ሁሉ ቀን፣ በእግር፣ በባቡር፣ በጀልባ፣ ሁሉንም ሲሰማ ነበር።

ሙሽሪት ትጮኻለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። ፊቷን ወደ ፊቱ አስጠግታ በዝግታ፣ ለብቻው እንደሚነገር ነገር፣ መለሰችለት።

«እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የከፈትኩለት። ቁልፉ ይዞብኝ ነው የዘገየሁት።»

ሰውየው አሰበ። ማሰቡ ብዙ ጊዜ ወሰደ። ነርሷ በር ላይ መጥታ መድኃኒት የያዘችበትን ሳህን እንዳንጠለጠለች ቀረች።

«ነገ… እሠራዋለሁ» አለ።

ያን ጊዜ ነው ሙሽሪት ያለቀሰችው። ነርሷ ሐኪም ልትጠራ ስትሮጥ ሽማግሌው «ኧረ ተረኩ ሳያልቅ የት ትሄዳለች!» እያሉ ይጮኻሉ። እትዬ መርፌ ሁለት እጃቸውን አገጫቸው ሥር አድርገው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ድምፅ የለም፣ ግን የመጀመሪያውን ስንኝ ከአፋቸው ላይ አነበብኩት። ዘገየ እንጂ መቼ ቀረ።

ሁለተኛውን እኔ ጨረስኩላቸው፣ ጮክ ብዬ። በኋላ ሁላችንም ተረጋግተን ሐኪሙም አይቶት ሲወጣ፣ ሰውየው እንደገና ወደ እኔ ዞሮ ስለሚጠብቀኝ፣ ወደ በሩ ተመለስኩ። አረንጓዴ ነው አልኩት፤ ታችኛው ጥጉ ተልጧል፤ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው።